ከአጥንት የተሰላው የዓሣ መጠን አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ከአፈር ተነፍቶ የወጣ የዓሣ አጥንት ተለክቶ፣ ልኩ ቀመር ውስጥ ገብቶ የዓሣው ርዝመትና ክብደት ይገመታል።

ችግር፦ ያው አንድ ዓሣ በአንዱ አጥንት 30፣ በሌላው 45 ሴንቲሜትር ይወጣል።

መጀመሪያ አከርካሪውን ይጠርጥሩ። አንጓዎቹ እኩል አይደሉም፤ ወደ ጅራት ጫፍ ሲጠጉ ያንሳሉ። ለመጀመሪያው አንጓ የተሠራ ቀመር ውስጥ የጅራት አንጓ ከገባ ዓሣው ያለ ልኩ ያንሳል። አንጓው ስንተኛ እንደሆነ ከዚያው ዝርያ የማመሳከሪያ አጽም ጋር አስተያይተው ይለዩ። ካልተለየ ይተዉትና ቦታው የማያሻማውን ይያዙ፤ ጥርስ የበቀለበት የታችኛው መንጋጋ አጥንት ጥሩ ነው። ቀመሩ የጠየቀው የአንጓውን ስፋት ከሆነ ቁመቱን አይስጡት። በካሊፐር (ዕቃን በሁለት መንጋጋዎቹ ይዞ በሚለካ መሣሪያ) እስከ 0.1 ሚሊሜትር፣ ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ጠርዙ የተሸረፈውን በዓይን ግምት ሞልቶ መለካት ግን አይሆንም።

ችግር፦ ሁሉም ዓሣ በአንድ ወገን ይበልጣል ወይም ያንሳል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ «ርዝመት» የሚለው ቃል ላይ ነው። ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራት ክንፍ ጫፍ፣ እስከ ክንፉ መሰንጠቂያ፣ ወይም ክንፉን ትቶ እስከ አከርካሪው መጨረሻ ሊለካ ይችላል። ቀመሩን የሠራው ሰው የቱን እንደለካ ሳያዩ ውጤቶችን አያነጻጽሩ።

ችግር፦ ርዝመቱ 1.48 ወጣ።

ይህ የርዝመቱ ሎጋሪዝም ነው፤ ወደ ሴንቲሜትር ገና አልተመለሰም። መሠረቱ 10 ከሆነ 10ን በ1.48 ኃይል ከፍ ያድርጉ፦ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። በተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም (መሠረቱ 2.718 ገደማ በሆነው) ከመለሱት ግን 4.4 ይሆናል፤ ቁጥሩ ትንሽ ዓሣ ስለሚመስል ሳይታወቅ ያልፋል።

ችግር፦ ርዝመቱ ያሳምናል፣ ክብደቱ አያሳምንም።

ክብደት በግምት የርዝመትን ኩብ ይከተላል። 30 የነበረው 33 ሲባል፣ የ10 በመቶ ስህተት ክብደቱ ላይ 33 በመቶ ይሆናል። ከአጥንቱ በቀጥታ ክብደት የሚሰጥ ቀመር ካለ እሱን ይምረጡ። ቁጥሩንም ከነስህተት ወሰኑ ይጻፉ፤ እንቁላል የተሸከመችና የጣለች ዓሣ በእኩል ርዝመት እኩል አይመዝኑም።

ችግር፦ ዓሦቹ ሁሉ ትንንሽ ሆኑ።

ነጭ እስኪሆን የተቃጠለ አጥንት ይኮማተራል፤ በአዳኝ ሆድ ያለፈ የጆሮ ድንጋይም (በዓሣው ጆሮ ውስጥ ያለ ጠንካራ ቅንጣት) በአሲድ ይበላል። ሁለቱንም ለይተው ያስቀምጡ፣ ከጤነኛው ጋር አይደምሩ።

ትንንሾቹ ጭራሽ ከጠፉስ? ወንፊቱን ይዩ። በ6 ሚሊሜትር የተነፋ አፈር የትንሽ ዓሣ አጥንት ያሾልካል፤ የቀረ አፈር ካለ በ2 ሚሊሜትር ደግመው ይንፉት።