ከጎንደር ሆኖ ለሀንትስማን ፕሮግራም ማመልከት

ፊላደልፊያ የሚገኘው የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሀንትስማን የሚባል ፕሮግራም አለው። በአራት ዓመት ሁለት ዲግሪ ያስይዛል፤ አንዱ በዓለም አቀፍ ጥናት፣ ሌላው ከዋርተን የቢዝነስ ትምህርት ቤት በኢኮኖሚክስ። በዓመት የሚቀበለው 45 ገደማ ተማሪ ብቻ ስለሆነ ፉክክሩ ከባድ ነው። ቢሆንም የጎንደር ልጅ ለዚህ ፕሮግራም የሚሆን ብዙ ነገር በአካባቢው አለው።

መጀመሪያ ቋንቋ ምረጡ። ከእንግሊዝኛ ሌላ፣ ፕሮግራሙ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች በአንዱ ጥሩ መሠረት ሊኖራችሁ ይገባል። አማርኛ ከእነሱ ውስጥ የለም። ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛና ቻይንኛ አሉ። በኋላም ቋንቋው በሚነገርበት አገር አንድ ሴሚስተር ትማራላችሁ። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ብትጀምሩ ይመረጣል። ከሱዳን ጋር የሚነግዱ ሰዎች ዐረብኛ ያውቃሉ። ፋሲል ግቢ አካባቢም የውጭ ቋንቋ የሚናገሩ አስጎብኚዎች አይጠፉም። ቀርባችሁ አውሯቸው። ግን ወሬ ብቻ አይበቃም፤ በየቀኑ ዜና አንብቡ፣ ጻፉም።

ቀጥሎ ኮመን አፕ በሚባለው፣ ለብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሚመለከትበት ድረ ገጽ ላይ አካውንት ክፈቱ። ስማችሁ በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና በፈተና ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። የአባት ስም አጻጻፍ ሲለያይ ብዙ ልጅ ይጉላላል። ትምህርት ቤታችሁ የኮሌጅ አማካሪ ከሌለው ርዕሰ መምህሩን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ በእንግሊዝኛ የሚላክ ሰነድና ደብዳቤ አለ። ለኤስኤቲ፣ ማለትም ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተና፣ የሚቀርባችሁን የፈተና ማዕከል ቀድማችሁ እዩ። የእንግሊዝኛ ችሎታን ዱዎሊንጎ በሚባለው የኢንተርኔት ፈተና ማሳየት ይቻላል፤ ቤት ሆናችሁ ስለምትፈተኑ መብራትና ኔት የማይቆራረጥበት ቦታ ፈልጉ።

ዋናው ድካም ድርሰቱ ላይ ነው። ሀንትስማን ለብቻው የሚጻፍ ድርሰት ይጠይቃል። «ዓለምን መለወጥ እፈልጋለሁ» ብላችሁ አትጀምሩ። ከምታውቁት ተነሱ። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ቻይናና እስራኤል ድረስ ይሸጣል። የውጭው ገበያ ሲወርድ ገበሬው ምን ይሆናል? ድንበር ሲዘጋ ነጋዴው የት ይሄዳል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ፖለቲካንና ንግድን አንድ ላይ ያመጣል፤ ፕሮግራሙም የቆመው ለዚሁ ነው። በሄዳችሁበት ሁሉ ጠይቁ፣ ማስታወሻ ያዙ፣ ከዚያ ጻፉ። የተጋነነ ቃል አያስፈልግም።

የገንዘብ ጉዳይ በግልጽ ይነገር። ዩኒቨርሲቲው ለተቀበለው ተማሪ የታየውን የገንዘብ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ነገር ግን ከውጭ አገር የሚያመለክት ተማሪ እርዳታ መጠየቁ በቅበላው ውሳኔ ላይ ይታያል። ቢሆንም የምትፈልጉ ከሆነ አሁኑኑ ጠይቁ፤ ከገባችሁ በኋላ ልጠይቅ ማለት አይሆንም። የቤተሰብን ገቢ በወረቀት ማስረዳት ጊዜ ስለሚወስድ ክረምት ላይ ጀምሩት። የማመልከቻ ክፍያ ከከበዳችሁ ነፃ መሆን የሚጠየቅበት መንገድ ቅጹ ላይ አለ።

ቅጹ ሀንትስማን ካልተሳካ በየትኛው የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ቤት መታየት እንደምትፈልጉም ይጠይቃል። አስባችሁ ሙሉት። ቀደም ያለው ማመልከቻ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 ይዘጋል፤ በእሱ ከተቀበሏችሁ የመግባት ግዴታ አለባችሁ። መደበኛው ጃንዋሪ 5 ነው፤ ከገና ሁለት ቀን በፊት መሆኑ ነው። ቤቱ በበዓል ዝግጅት ሳይጠመድ፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ላኩት።