የኤችኤምጂ-ኮኤ ሪዳክቴዝ አንቲቦዲ ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰውነታችን ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው ኤችኤምጂ-ኮኤ ሪዳክቴዝ የተባለው ኤንዛይም ነው፤ ስታቲን የተባሉት መድኃኒቶችም የሚያግዱት እሱን ነው። በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን ጄል ውስጥ በመጠን ለይቶ የሚፈለገውን በአንቲቦዲ በሚያሳይ ዘዴ) ሲፈለግ ባንዱ፣ ማለትም ኤንዛይሙን የሚያሳየው መስመር፣ ከጠፋ ወዲያው ኤንዛይሙን ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲ ይወቀሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ናሙናው ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት ናሙናውን ማፍላት ነው። ኤንዛይሙ ሴል ውስጥ ያለውን የኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የተባለ ክፍል ሽፋን 8 ጊዜ እየበሳ ያልፋል። እንደ ለመድነው በ95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ሲፈላ፣ ውሃ የሚሸሹት ክፍሎቹ እርስ በርስ ይጣበቁና ጄሉ ውስጥ መግባት ያቅተዋል። የሙሉው ኤንዛይም መጠን የሆነው 97 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ባዶ ሆኖ ናሙናው የሚጫንበት ጉድጓድ አፍ ላይ ጥቁር ጭረት ካዩ፣ የሆነው ይኸው ነው። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የ1 ዲግሪ ልዩነት ግን ናሙናውን አያድነውም። በ37 ዲግሪ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል።

62 ኪሎዳልተን አካባቢ ባንድ ከመጣ ኤንዛይሙ ተቆርጧል ማለት ነው። መመሪያዎች “የክፍል ሙቀት” ሲሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለታቸው ነው፤ ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ብዙ ጊዜ ከ30 በላይ ትሆናለች። ስለዚህ ሴሉን ሲሰብሩ ቱቦው ከበረዶ አይውጣ፤ ሉፔፕቲን ያለበት የፕሮቲዬዝ (ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይም) ማገጃም ቀድሞ ይጨመር።

ሴሎቹን በተራ ሴረም እያሳደጉ ደማቅ ባንድ መጠበቅም ከንቱ ድካም ነው። ሴረሙ ኮሌስትሮል ይዟል፤ ስቴሮል (ኮሌስትሮልና መሰሎቹ) ሲበዛ ኤንዛይሙ ኢንሲግ ከተባለው ፕሮቲን ጋር ይያያዝና የሴሉ ፕሮቲን ማፍረሻ ወደሆነው ፕሮቲያሶም ተልኮ ይፈርሳል። ሊፖፕሮቲን የተወገደለት ሴረም፣ 10 ማይክሮሞላር ሎቫስታቲን (አንዱ ስታቲን) እና 50 ማይክሮሞላር ሜቫሎኔት (የኤንዛይሙ ምርት) ሰጥተው ለ16 ሰዓት ያቆዩ። ይህን ናሙና ካልታከመው ጎን ይጫኑት፤ ያን ጊዜ አንቲቦዲው መሥራት አለመሥራቱ በግልጽ ይለያል።

አንቲቦዲው ሲደርስዎ 10 ማይክሮሊትር እያደረጉ ይከፋፍሉት። አንዱን ቱቦ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ይገድለዋል፤ መብራት ሲጠፋም የፍሪዘሩን በር አይክፈቱ። አንቲቦዲውን በሚያቀጥኑበት ፈሳሽ ላይ ሶዲየም አዛይድ (ፀረ-ተህዋስ ማቆያ) አይጨምሩ፤ ባንዱ እንዲበራ የሚያደርገውን ኤንዛይም፣ የፈረስ ራዲሽ ፐርኦክሲዴዝን፣ ስለሚያግድ የሚያበራ ነገር አይኖርም።