ሱቅ ውስጥ መንታ የነበሩት ክሬሞች ቤት ሲገቡ ለምን ተለያዩ?

ጎንደር፣ አዘዞ ያለውን የእማዬን ሳሎን ልናስቀባ ስንል ለምርጫ ሁለት ክሬም ቀለም ቀረን። አንዱ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሌላው ወደ ግራጫ። ሱቅ ውስጥ ግን ዓይኔ አልለያቸውም። እማዬ «ሁለቱም ያው ነው፣ አንዱን ያዝ» አለችኝ። ግራጫማውን ያዝኩ። ክረምት ሲገባ ሳሎናችን ያልደረቀ ሲሚንቶ መሰለ።

ችግር፦ በቀለም ናሙና ካርዱ ላይ አንድ ናቸው፣ ግድግዳው ላይ አንዱ ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ይሄዳል።
ክሬም፣ ቤዥና ቀላል ግራጫ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ሌላ ቀለም አለ። ትንሽ ካርድ ላይ አይታይም፤ አራት ግድግዳ ሲሸፍን ይጎላል። ሁለቱን ናሙና ንጹህ ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አድርጓቸው። የተደበቀው ያኔ ይወጣል።

ችግር፦ በጋ ያምራል፣ ክረምት ይጨፈግጋል።
የእኛ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር። ጎንደር ውስጥ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ። የሳሎናችን መስኮት ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ በጋውን በሙሉ ቀጥታ ፀሐይ አያገኝም፤ ፀሐይዋ ወደ እሱ ስትዞር ደግሞ የክረምቱ ደመና ይጋርዳታል። የሚደርሰው ብርሃን ቀዝቃዛ ነው፣ ግራጫማውን ይበልጥ ያደበዝዘዋል። ለእንዲህ ያለ ክፍል ቢጫማውን ምረጡ። መስኮቱ ወደ ደቡብ ከሆነ ግን የበጋው ፀሐይ ቢጫውን ያጋንነዋል፤ እዚያ ግራጫማው ያርፋል። የፋሲል ግቢን ግንብ ጠዋትና ምሽት ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። ድንጋዩ ያው ነው፣ ብርሃኑ ነው የሚለዋወጠው።

ታዲያ በካርድ አትወስኑ። ሁለት ትልልቅ ካርቶን ላይ ሁለት ሁለት እጅ ቀቡ፣ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ተዉ። ያለ ጠርዙ ዓይናችሁ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር እያነጻጸረ ይሳሳታል። በደንብ ይድረቅ፤ የውሃ ቀለም ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል። ከዚያ ከሶፋው ኋላ አቁሟቸው፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እዩአቸው። እኔ ይህን ያደረግኩት ከከሰርኩ በኋላ ነው።

ችግር፦ ማታ መብራት ሲበራ ሌላ ቀለም ይሆናል።
ከቀለሙ በፊት አምፖሉን ጠርጥሩ። የአምፖሉ ማሸጊያ ላይ 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለው ቢጫማ ነው፣ 6500 የሚለው ወደ ሰማያዊ ያደላል። አምፖል መቀየሩ ግድግዳ እንደገና ከማስቀባት በጣም ይረክሳል።

ችግር፦ ሁለተኛው ጋሎን ከመጀመሪያው ትንሽ ተለየ።
የሚበቃችሁን ያህል በአንድ ጊዜ ግዙ። ቀቢው ሥራ ሳይጀምር ጋሎኖቹን ትልቅ ባልዲ ውስጥ አንድ ላይ ያማስላቸው፣ ትንሽም ለማደሻ ክዳኑን ገጥማችሁ አስቀምጡ።