ስፔክትሮሜትር «አልችልም» አይልም፦ ሊወገዱ የሚገባቸው የልኬት ስህተቶች

ስፔክትሮሜትር ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ ዘርዝሮ ይለካል፤ በመድኃኒት ፋብሪካም፣ በብረት ማቅለጫም፣ በውኃ ምርመራም ሆነ በሥነ ፈለክ ሥራው ይኸው ነው። ክፋቱ፣ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅም «አልችልም» አለማለቱ ነው። ምን ጊዜም አንድ መስመር ይስላል፣ ምን ጊዜም አንድ ቁጥር ይሰጣል።

ትዕግሥቴን ከሁሉ ይልቅ የሚፈታተነው፣ ብርሃን ሊያሳልፍ የማይችል ጥቁር ናሙና ለክቶ ቁጥሩን ያለ ጥርጣሬ የሚመዘግብ ሰው ነው። አብዞርባንስ (ናሙናው ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚገልጸው ቁጥር) በሎጋሪዝም የሚሰላ መሆኑን ሁሉም ይማራል፤ ላቦራቶሪ ሲገባ ግን ይረሳዋል። አብዞርባንስ 1 ሲሆን ከብርሃኑ 10 በመቶ፣ 2 ሲሆን 1 በመቶ፣ 3 ሲሆን ደግሞ 0.1 በመቶ ብቻ ያልፋል። በመሣሪያው ውስጥ በበኩሉ ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ ከሚዘረዝረው ባለ ጭረት ግሬቲንግና ከግድግዳዎቹ ተበትኖ ብርሃን በሚለካው ዲቴክተር ላይ ያለ ቦታው የሚያርፍ የባዘነ ብርሃን አለ። ይህ ብርሃን 0.1 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ እውነተኛ አብዞርባንሱ 3 የሆነ ናሙና 2.7 ሆኖ ይነበባል፤ ናሙናው ምንም ያህል ቢጠቁር ንባቡ ከ3 አይዘልም። አንድ ማቅለሚያ አምራች ድርጅት ምርቱ ፈጽሞ እንደማይለዋወጥ ማስረጃ ይሆነው ዘንድ መዝገቡን በኩራት አሳይቶኝ ነበር፤ ንባቦቹ በሙሉ 2.9 አካባቢ ተሰልፈዋል። ናሙናዎቹን አሥር እጥፍ አቅጥነን እንደገና ስንለካቸው ልዩነታቸው ፈጦ ወጣ። ለሳምንታት የተመዘገበው የማቅለሚያው መጠን ሳይሆን የመሣሪያው የባዘነ ብርሃን ነበር። መድኃኒቱ ናሙናውን ማቅጠን ወይም ናሙናውን የሚይዘውንና ብርሃኑ የሚያልፍበትን ዕቃ (ኩቬት) በቀጭን መተካት እንጂ ውድ መሣሪያ መግዛት አይደለም።

ብርሃን ሲበዛም ችግር አለ፤ የብርሃኑን መጠን በ16 ቢት (በ16 የ0 እና የ1 አሃዞች) የሚመዘግብ መሣሪያ ከ65535 በላይ መቁጠር አይችልም። አናቱ የተቆረጠ ጫፍ ካዩ ብርሃን የመሰብሰቢያውን ጊዜ ያሳጥሩ፤ በሶፍትዌር አለስልሶ ጫፍ ማስመሰል ግን ራስን ማታለል ነው።

የጨለማ ንባብ (ብርሃን ተዘግቶ የሚወሰደው) እና ማጣቀሻ (ያለ ናሙና የሚወሰደው) ጠዋት ተወስደው እስከ ማታ አያገለግሉም። ዲቴክተሩ ሲሞቅ ብርሃን በሌለበትም የሚያመነጨው ምልክት ይጨምራል፤ መብራቱም ከተለኮሰ በኋላ እስኪረጋጋ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ብርሃን የመሰብሰቢያውን ጊዜ የቀየረ ሰው ሁለቱንም እንደገና መውሰድ አለበት።

እኔም ከስህተት አላመለጥሁም። ከሜርኩሪ መብራት ጋር በምሠራበት ጊዜ በ507.3 ናኖሜትር ላይ ደማቅ መስመር አገኘሁና ይህን የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር ፍለጋ ሠንጠረዥ ሳገላብጥ ሁለት ቀን ፈጀሁ። በመጨረሻ አንድ ባልደረባዬ አንዲት ቃል ሳይናገር ከመብራቱ ፊት ተራ የመስኮት መስታወት ደቀነ፤ መስመሩም ድራሹ ጠፋ። መስታወት የ507 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃንን ያለ ችግር ያሳልፋል፤ የሚያግደው አጭሩን አልትራቫዮሌት ነው። ያየሁት የሜርኩሪ የ253.65 ናኖሜትር መስመር ሲሆን፣ ግሬቲንጉ አንዱን ብርሃን በእጥፍ የሞገድ ርዝመት ቦታም ስለሚጥል (ሁለተኛ ደረጃ ዲፍራክሽን ይሉታል) በእጥፉ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። ሰፊ የሞገድ ክልል በሚሸፍን መሣሪያ የሚሠራ ሁሉ እንዲህ ያለውን ብርሃን የሚያግድ ማጣሪያ መኖሩን አስቀድሞ ይመልከት።

ጀማሪዎች መሣሪያ ሲመርጡ የዲቴክተሩን ፒክስሎች ይቆጥራሉ። ጉጉታቸውን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ተቀራራቢ መስመሮችን የመለየት አቅም በፒክስል ብዛት ብቻ አይወሰንም፤ የመግቢያው ስንጥቅ ስፋትና የግሬቲንጉ ጭረቶች ጥግግትም ይወስኑታል። በሶዲየም መብራት መሞከር ይቻላል፤ የ589.0 እና የ589.6 ናኖሜትር ጥንድ መስመሮች ተለያይተው ካልታዩ ስንጥቁ ለዚያ ሥራ ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። ማጥበብም ዋጋ አለው፤ ብርሃኑ ስለሚቀንስ ጫጫታው (የንባቡ የዘፈቀደ መዋዠቅ) ይጎላል፤ 16 ንባቦችን አማክሎ መውሰድ ጫጫታውን ወደ አንድ አራተኛ ያወርደዋል።

ዲኤንኤ በ260 ናኖሜትር ሲለካ ኩቬቱ ኳርትዝ ይሁን፤ ተራ መስታወትና ተራ ፕላስቲክ በዚያ ሞገድ ላይ ግድግዳ ናቸው።

ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ገመድ (ፋይበር) የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ማጣቀሻው ከተወሰደ በኋላ አይንኩት። ትንሽ መታጠፍ የሚያልፈውን ብርሃን ስለሚቀይር፣ ንባቡ የናሙናው ይሁን የፋይበሩ መለየት አይቻልም። እኔ ፋይበሩን ከጠረጴዛው ጋር በቴፕ አጣብቄ ነው የምጀምረው።