የዓሣ መጥበሻ ዘይትን ለናፍጣ ሞተር

መኪናው ኮመን ሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ አዲስ ዓይነት ሞተር) ከሆነ አይሞከርም። ለቆየ ሞተር ግን ይሆናል።

ከጣና ዳር ዓሣ ቤቶች የተሰበሰበውን ዘይት በበርሜል አንድ ሳምንት አስቀምጡትና ከላይ የጠራውን ብቻ ቅዱ። በጨርቅ፣ ቀጥሎ በ5 ማይክሮን ፊልትሮ አጥልሉት። ጥቂት በጋለ መጥበሻ ላይ ጠብ አድርጉ፤ ከተንጣጣ ውኃ አለው፣ የነዳጅ ፖምፓውን ያዝገዋል። ይህች ፈተና በፍጹም አትታለፍ። የሚረጋውን የፓልም ዘይት ተዉት፤ በባሕር ዳር የታኅሣሥ ሌሊት ቱቦ ውስጥ ይጋገራል።

ለዘይቱ ሁለተኛ ታንክ ግጠሙ፤ ከሞተሩ የሚወጣውን ሙቅ ውኃ በዘይቱ መስመር ዙሪያ አዙሩ። በናፍጣ አስነሱ፣ ዘይቱ 70 ዲግሪ ሲደርስ ወደ ዘይቱ ቀይሩ። ከማጥፋታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቀድማችሁ ወደ ናፍጣ ካልመለሳችሁ ኖዝሉ (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው አፍ) በካርቦን ይደፈናል፣ ያልተቃጠለውም ወርዶ የሞተር ዘይቱን ያወፍረዋል። ዲፕስቲኩን (የሞተር ዘይት መለኪያ ዘንጉን) በየጊዜው እዩ፤ የሞተር ዘይቱ መጠኑ ከጨመረ ወይም ከወፈረ ወዲያው ቀይሩት።