የገጠር ማዕድ ሲቀየር የአካባቢ አሻራውስ? ጎንደር ዙሪያ አንድ ቤት ይዛችሁ ራሳችሁ ምትለኩበት መንገድ

ደምቢያም በሉት ወገራም ወይ ጭልጋ፣ ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ያየው ነገር ነው። ድሮ በሶና ቆሎ ይቀመጥበት የነበረው ጓዳ አሁን ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ ፓስታ፣ ስኳር፣ ሲመችም ኢንዶሚ ገብቶበታል። ሰው ደሞ ቶሎ ብሎ "ከውጭ የመጣ ምግብ ነው አካባቢ ሚያበላሸው፣ የድሮው ይሻል ነበር" ይላል። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ግን ሲለካ ሌላ ነገር ነው ሚወጣው፣ ስለዚ ዝም ብሎ ከመፍረድ አንድ ቤት ይዞ መለካት ይሻላል፣ ደብተር፣ የኪሎ ሚዛንና ትንሽ ትግስት ካላችሁ በቂ ነው። የተማሪ ፕሮጀክት ላለበትም ለግብርና ባለሙያም ይሆናል።

አሻራ ስል ምግቡ አፍ እስኪደርስ የፈጀው መሬት፣ ውሃ፣ ማገዶ እና ወደ አየር የለቀቀው ጋዝ ማለቴ ነው። ኢኮሎጂካል ፉትፕሪንት ሚባለውን ስሌት በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ያመጡት ዊሊያም ሪስና ማቲስ ዋከርናግል ናቸው፣ ሚቆጥሩትም በመሬት ስፋት ነው፣ በሱ መለኪያ የኢትዮጵያ ሰው በአማካይ 1 ሄክታር ገደማ ሲወጣለት የአለም አማካይ ከ2.5 በላይ ነው። ይሄን የማነሳው የገጠር ሰው አለምን አጠፋ እያልኩ እንዳይመስላችሁ ነው። ለኛ ስራ ግን መሬቱን ትተን ጋዙን በኪሎ ብንቆጥር ይቀላል።

መጀመሪያ ሳምንት ምረጡ፣ አንድ አይበቃም። አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ሁሉንም አጽዋማት ረቡዕና አርብን ጨምሮ ለሚጾም ሰው ከአመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው፣ የፋሲካን ሳምንት ብቻ መዝግባችሁ "ገጠር ስጋ ይበላል" ብትሉ ሰው ይስቅባችኋል። ቤቱ ስትገቡ ደሞ ስንት ትበላላችሁ ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ ነውር ነው፣ በዛ ላይ እንግዳ ሲያይ ዶሮ ሚያርድ ቤት አለ። ከጓዳ የወጣውን ነው መመዝገብ ያለባችሁ፣ ጠዋት ስንት ጣሳ ዱቄት ወጣ፣ ስንት ጣሳ ሽሮ፣ ዘይቱ ጀሪካኑ ላይ የት ደረሰ (በእስክርቢቶ መስመር ማድረግ ነው በቃ)። ጣሳ ከጣሳ ስለሚለያይ የዛን ቤት ጣሳ አንዴ ሞልታችሁ መመዘን አለባችሁ።

የቤቱን ትልቅ ሰው መጠየቅ እንዳትረሱ፣ ለውጡ ሚታወቀው ከሳቸው ነው። "እማማ፣ አንቱ ሲዳሩ የጾም ወጥ በምን ነበር ሚሰራው?" በሉ፣ ከዛ ዝም ብሎ መስማት ነው። አብዛኛው ጊዜ ሚመጣው መልስ ተልባ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ኑግ፣ ስልጆ፣ ንፍሮ ነው። ማለትም ቅባቱ ይገኝ የነበረው ከፍሬው ራሱ ነው፣ ተቆልቶ ተወቅጦ ተበጥብጦ፣ አሁን ግን ሽንኩርቱ በገበያ ዘይት ይቁላላል። በኔ እይታ ጎንደር ገጠር ውስጥ ትልቁ የማዕድ ለውጥ ፓስታው ሳይሆን ይሄ ነው፣ ጾሙ ያው ጾም ነው፣ ወጡ ግን ሌላ ሆኗል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ፑርና ኔሜቼክ ሚባሉ ተመራማሪዎች በ2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት፣ ከ119 አገር የወደ 38 ሺህ እርሻ መረጃ የሰበሰበ ጥናት አለ፣ ቁጥሮቹ የአለም አማካይ ስለሆኑ ለኛ ልክ አይሆኑም ግን ለማወዳደር ይጠቅማሉ። ለአንድ ኪሎ ምግብ የወጣው ጋዝ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር ስንዴ 1.6 ኪሎ፣ በቆሎ 1.7፣ ሩዝ 4.5፣ አተር 1 ገደማ፣ ሌላ ጥራጥሬ 1.8፣ ድንች ግማሽ ኪሎ እንኳን አይሞላም፣ እንቁላል 4.7፣ ስኳር 3.2፣ የሱፍ አበባ ዘይት 3.6፣ ፓልም ዘይት 7.3። ጤፍና ኑግ እዛ ሊስት ውስጥ የሉም፣ ስለዚ ለጤፍ የስንዴውን ለኑግ ዘይት የሱፉን ውሰዱና አጠገቡ "ግምት" ብላችሁ ጻፉ።

ስጋ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ለስጋ ብቻ ከሚረባ ከብት 1 ኪሎ ስጋ 100 ኪሎ ጋዝ ገደማ ነው ሚሰጠው፣ ከወተት ከብት ሲሆን ግን 33። የኛ በሬ ደሞ አመታት አርሶ፣ ወቅቶ፣ ፍግ ሰጥቶ ነው ለቅርጫ ሚቀርበው፣ የለቀቀውን ሚቴን (ሲያመሰኳ ሚወጣውን ጋዝ) በሙሉ ስጋው ላይ መጫን ልክ አይሆንም፣ እርሻውም ድርሻ አለው። ስለዚ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም አስሉ፣ 5 ኪሎ የቅርጫ መደብ ከ165 እስከ 500 ኪሎ ጋዝ መሆኑ ነው። ብዙ ይመስላል ግን በአመት ስንቴ ነው ሚታረደው? በአመቱ ሳምንታት አካፍሉት።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ቤት በሳምንት 3 ኪሎ ፓስታ ቢበላ 5 ኪሎ ጋዝ ገደማ ነው፣ 4 ኪሎ ሽሮ 7 ገደማ። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን 4.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ፓልም ከሆነ 34 ኪሎ ገደማ ጋዝ ነው፣ ምክንያቱም ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ውስጥ ለተክሉ ሲባል ደን ተመንጥሯል፣ ረግረግ መሬት ደርቋል። ከዛ እስከ ጅቡቲ በመርከብ፣ ከጅቡቲ እስከ ጎንደር በመኪና፣ ሰው የመኪናውን መንገድ አይቶ ነው ሚደነግጠው፣ ግን በአለም ደረጃ ከምግብ ጋዝ ውስጥ ትራንስፖርት 6 ከመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ እንዴት ተመረተ ሚለው ይበልጣል። ሩዝም እንደዛው ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ያለው ሩዝ ሁሉ የውጭ እንዳይመስላችሁ፣ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሚሆነው ብዙው የፎገራ ሜዳ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሚለው ውሃ የተኛበት ማሳ ሚቴን ስለሚያወጣ ነው።

እና አሁን ሁሉም ሚረሳው ነገር፣ ማገዶ። ጓዳውን መዝግባችሁ ምድጃውን ካልመዘገባችሁ ግማሽ ስራ ነው። አንድ ሸክም እንጨት መዝኑ፣ በሳምንት ስንት ሸክም እንደሚነድ ቁጠሩ። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ 1.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ስለዚ 40 ኪሎ እንጨት ምታነድ ቤት በሳምንት ወደ 70 ኪሎ ነው፣ ፓስታውንም ሽሮውንም ጀሪካኑንም ደምራችሁት አይደርስበትም። ግን ጠይቁ፣ እንጨቱ ከየት ነው? ከራስ ባህር ዛፍ ከሆነና ተቆርጦ መልሶ ሚያቆጠቁጥ ከሆነ ጋዙን መልሶ ስለሚስበው ባዶ ቦታ ልትተዉት ትችላላችሁ፣ ከቀረችው የተፈጥሮ ደን ከሆነ ግን ሙሉውን ቁጠሩ። ከሰል ከሆነ ባሰ፣ በአፈር ተዳፍኖ ሚከሰለው 1 ኪሎ ከሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይበላል። ኩበት ደሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ የነደደው ፍግ ማሳ ላይ ስለማይደርስ በቦታው ዩሪያ ይገዛል፣ ዩሪያው በተፈጥሮ ጋዝ ተሰርቶ በጅቡቲ ነው ሚመጣው፣ ይሄን በኪሎ ማስላት ባትችሉ እንኳን በደብተር ጻፉት።

እዚህ ጋ ነው የድሮው ማዕድ ሁሌ ንጹህ ሚለው ሃሳብ ሚሰናከለው። ፓስታ በ10 ደቂቃ ይበስላል፣ የባቄላ ንፍሮ ግን ሳይዘፈዘፍ ጉልቻ ላይ ከተጣደ ሰአታት ይፈጃል፣ ስለዚ አንዳንድ ቤት ፓስታ ገብቶ አሻራው ሊቀንስ ይችላል፣ ለሰውነት ሚበጀው የቱ ነው ከተባለ ያው ንፍሮው ነው። ጓያም ተመሳሳይ ነገር አለው፣ ድርቅ ይችላል፣ ማዳበሪያ አይፈልግም፣ አሻራው ትንሽ ነው፣ ግን ለወራት በብዛት ከተበላ እግር ያሽመደምዳል፣ ደምቢያ ላይ ይሄን ማንም አይነግራቸውም ያውቁታል። አሻራ ብቻ አይቶ ምክር መስጠት አደገኛ ነው፣ ለህጻናት ደሞ ጭራሽ እንቁላልና ወተት ቀንሱ እንዳትሉ።

ከለካችሁ በኋላ ምን ይደረግ ካላችሁ፣ በኔ ቅደም ተከተል መጀመሪያ ምድጃ ነው። ምርጥ ምድጃ ለእንጀራ ከጉልቻው ጋር ሲተያይ ማገዶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፣ ጭሱም ይቀንሳል፣ መብራት ያለበት አካባቢ ደሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የአገራችን መብራት ከ90 ከመቶ በላይ ከውሃ ስለሆነ። ባቄላና ሽምብራ ማታ መዘፍዘፍ፣ ድስት መክደን፣ ብር አያስወጣም። ሁለተኛው ዘይት፣ ጀሪካኑ ላይ ምን ዘይት እንደሆነ አንብቡና ሚቻል ከሆነ ኑግ ወይ ሱፍ፣ በተለይ ኑጉ እዛው አካባቢ ከተጨመቀ ፋጉሎው ለከብት ይሆናል፣ ዋጋው ግን ከፓልሙ ስለሚወደድ ሙሉ በሙሉ ቀይሩ ማለት አይቻልም፣ በጾም በሳምንት ሁለት ቀን ተልባና ሱፍ ፍትፍት መመለስ ግን ይቻላል፣ እማማም ደስ ይላቸዋል። የለስላሳ ፕላስቲክና ፌስታሉ ላይ ብዙ አልልም፣ ማሳ ውስጥ እንዳይጣል፣ እንዳይቃጠል።

ልኬቱን በአመት ሁለቴ አድርጉት፣ አንዱን ጥር ላይ ጎተራው ሞልቶ፣ አንዱን በነሐሴ የፍልሰታ ጾም እህሉ አልቆ ከገበያ በሚሸመትበት ጊዜ፣ በክረምቱ እርጥብ እንጨት ስለሚነድ የማገዶው ቁጥር ከፍ ሊል ስለሚችል ሸክሙን እንደገና መመዘን አለባችሁ።