ጊትላብን በድርጅት ሰርቨር ላይ ለመጫን

የድርጅትዎን ኮድ በራስዎ ሰርቨር ለማስተዳደር ጊትላብን ከመረጡ፣ አስቀድመው የተጠቃሚዎቹን ብዛት፣ የዲስኩን መጠንና የዶሜይን ስሙን ይወስኑ። መጫኑ ራሱ ቀላል ነው፤ ፓኬጁን በሊኑክስ ላይ ጭነው 80 እና 443 ፖርቶችን ይከፍታሉ። የመጀመሪያው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል የተጻፈበት ፋይል ከ24 ሰዓት በኋላ በሚደረገው የመጀመሪያ ሪኮንፊገር (ቅንብሩን እንደገና ተግባራዊ የሚያደርግ ትእዛዝ) ስለሚሰረዝ፣ ወዲያውኑ ገብተው የይለፍ ቃሉን ይቀይሩት።

ከሁሉም በላይ አደራ የምለው ስለ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ነው። የባክአፕ ትእዛዙ ዳታቤዙንና ሪፖዚተሪዎቹን (የኮድ ማከማቻዎቹን) ሲይዝ፣ የምስጠራ ቁልፎች ያሉበትን የሲክሬትስ ፋይልና ዋናውን የኮንፊገሬሽን ፋይል አይጨምርም፤ እነዚህን ለብቻቸው በሌላ ቦታ ካላስቀመጡ፣ ዳታው ቢመለስም የሲአይ (ኮድን በራሱ የሚገነባና የሚፈትሽ ሥርዓት) ምስጢራዊ እሴቶችን ማንበብ አይቻልም፣ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚገቡ ተጠቃሚዎችም ይቆለፍባቸዋል። ስለዚህ ሠራተኞች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት፣ በሌላ ባዶ ማሽን ላይ ያንኑ ቨርዥንና እትም (ኮሚዩኒቲ ወይም ኢንተርፕራይዝ) ጭነው ባክአፑን መልሰው ይሞክሩት።